የጎን በሩን ማን ዘጋው? ኦፕሬተሩ ዕድሜ ልካቸውን የጠየቁት ጥያቄ

ከተማው ሁሉ «ኦፕሬተሩ» እያለ የሚጠራቸው ባል፣ አባትና አያት፣ ከቆርቆሮ ቀጥቃጭ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው፣ በታችኛው ሰፈር ከቆዳ ፋብሪካው አጥር ሥር በምትገኝ ባለ አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። የበኩር ልጅ ነበሩ። ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ሁለት ወንዶች ጡት ሳይጥሉ አረፉ። ኦፕሬተሩ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናቸው ግን አንዲት ሴት ልጅ ተወለደች፤ አደገችም። እናታቸው ለሥራ ሲወጡ ሕፃኗን አዝለው የሚውሉት እርሳቸው ስለነበሩ፣ ልጅቷ አፏን የፈታችው ወንድሟን በመጥራት ነው። እናታቸው «ወልጄ ለሰው ሰጠሁ» እያሉ ይስቁ ነበር።

የታችኛው ሰፈር ሰዎች ጥቁሮች፣ የላይኛው ሰፈር ሰዎች ቀያዮች ነበሩ። ይህን የሚደነግግ ሕግ ተጽፎ አያውቅም፤ ሁሉም በቃሉ ስለሚያውቀው መጻፍም አላስፈለገውም። ቧንቧ ላይ ቀይ ሲመጣ ጥቁር ባልዲውን ያነሣል። ሐኪም ቤት ጥቁር በጓሮ በር ይገባል። ኦፕሬተሩ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ጨርሰው፣ በፈተናውም ከከተማው ልጆች ሁሉ በልጠው፣ ሁለተኛ ደረጃ ለመመዝገብ ወደ ላይኛው ሰፈር ወጡ። ርዕሰ መምህሩ ውጤቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው ካዩ በኋላ «ጎበዝ ነህ ልጄ፤ ችግሩ ከጎንህ የሚቀመጥ ልጅ አላገኝልህም» ብለው መለሷቸው። ዛሬ በርዕሰ መምህሩ ስም የሚጠራ መንገድ አለ። ኦፕሬተሩ በዚያ መንገድ አልሄዱም። ዝናብም ቢሆን፣ ሸክምም ቢኖራቸው፣ ዞረው ነበር የሚሄዱት።

በአሥራ አምስት ዓመታቸው በሲኒማ ቤቱ በጠራጊነት ተቀጠሩ። የዚያን ጊዜው ኦፕሬተር ዐይናቸው የደከመ አዛውንት ነበሩና፣ ፊልሙን በማሽኑ ጥርሶች ላይ ማስገባት ሲያቅታቸው «ና እስቲ አንተ ጠራጊው፣ ጣትህ ቀጭን ነው» ብለው ጠሯቸው። ሙያውን የተማሩት እንዲህ ነው። አዛውንቱ ጡረታ ሲወጡ ማሽኑን የሚያውቅ ሌላ ሰው አልተገኘም። የሲኒማ ቤቱ ባለቤት «መቼም ኦፕሬተር ለተመልካች አይታይ፤ ጥቁርም ቢሆን ይሁን» ብሎ በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ሾማቸው።

ቀጥሎ የሚነገረውን ለመረዳት የአዳራሹን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ቀያዮቹ በዋናው በር ገብተው፣ በደረጃው ወጥተው፣ ፎቅ ላይ ባሉት ባለ ትራስ ወንበሮች ይቀመጡ ነበር። ጥቁሮቹ በጎን መንገዱ በምትገኝ ጠባብ በር ገብተው ከታች በአግዳሚ ይቀመጣሉ። በሁለቱ መካከል ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ የብረት ፍርግርግ ነበር። የጎን በሩ የሚዘጋው ከውጭ፣ በብረት መቀርቀሪያ ነው። መቀርቀሪያውን የሚከፍተውም የሚዘጋውም ትኬት ቆራጩ ነበር። የማሽኑ ክፍል ከፎቁ ጀርባ ሆኖ የራሱ መሰላል ነበረው። በክፍሉ ውስጥ የማሽኑ ጩኸት ጆሮ ይደፍናል፤ በትንሿ መስኮት የሚታየው ሸራው ብቻ ነው። ድምፅ ሲያንስ ተመልካቹ አግዳሚውን እየደበደበ «ድምፅ ጨምር!» ብሎ ይጮሃል፤ ኦፕሬተሩም ይጨምራሉ።

ኦፕሬተሩ ሃያ ዓመት በሞላቸው ዓመት፣ በአንድ የዕረፍት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የጦርነት ፊልም ይታይ ነበር። አባታቸውና የአሥራ አንድ ዓመት እህታቸው ከታች ተቀምጠዋል። ጠዋት በላይኛው ሰፈር «አንድ ጥቁር የባለሱቁን ልጅ ደፈረ» የሚል ወሬ ተነዝቶ ነበር፤ ልጅቷ አክስቷ ቤት አድራ መምጣቷ የታወቀው በማግስቱ ነው። ፊልሙ ሲጋመስ ፎቅ ያሉት እየተጠቃቀሱ ወጡ። ሰዎች በጎን መንገዱ ተሰብስበው በአየር ማስገቢያው ቤንዚን አፍስሰው እሳት ለቀቁ። የጎን በሩ ተዘግቶ ነበር። ኦፕሬተሩ ጩኸትና የአግዳሚ ድብደባ ሰሙ። እንደ ልማዱ መሰላቸውና ድምፅ ጨመሩ። ሲጮህባቸው እንደገና ጨመሩ። ጭሱ በመስኮቷ ሲገባ በመሰላሉ ሮጠው ወረዱ፤ ከታች የጠበቃቸው ሰው ጭንቅላታቸውን በዱላ መታቸው። ሲነቁ አዳራሹ አመድ ነበር። አባታቸውን በቀበቶ ማሰሪያቸው ለዩዋቸው። እህታቸውን ከጎን በሩ ሥር፣ ከሁሉም ይልቅ ለበሩ ቀርባ አገኟት።

መንግሥት የላከው አጣሪ «የኤሌክትሪክ አደጋ ነው» ብሎ ሄደ። ጨምሮም ኦፕሬተሩ ድምፅ ባያስጮሁ ኖሮ መንገደኛ ሰምቶ ይደርስ ነበር አለ። በመንገዱ የነበረው መንገደኛ ቤንዚኑን የያዘው እንደሆነ አላነሣም። ከዚያ በኋላ በላይኛው ሰፈር የኦፕሬተሩ ስም «ድምፅ ጨምር» ሆነ። ልጆች ከኋላቸው ይጮኹት ነበር፤ ያስተማሯቸው አባቶችም በየደጃፋቸው ቆመው ይስቁ ነበር።

እናታቸው ከዚያ በኋላ ለሰው አላጠቡም። በየቀኑ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ ነበር፤ «በሩን ማን ዘጋው?» ትኬት ቆራጩ «እኔ ከፍቼ ነው የሄድኩት፤ ማን እንደዘጋው የት አውቃለሁ» ብሎ በአጣሪው ፊት ምሏል። እናታቸው ሊሞቱ ሲሉ ልጃቸውን አስጠግተው «ሳታውቅ እንዳትከተለኝ። ባዶ እጅህን ብትመጣ ፊቴን አዞርብሃለሁ» አሏቸው። ኦፕሬተሩ ከዚያ ወዲህ የኖሩት ዕድሜ የዚህ አደራ ዕድሜ ነው።

ሲኒማ ቤቱ ታድሶ ሲከፈት ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ወዳጅ ሁሉ «እንዴት ሆድህ ቻለ?» ብሎ ጠየቃቸው። «የዘጋው ሰው እዚሁ ነው፤ ጥዬለት ልሂድ እንዴ?» ነበር መልሳቸው። ማሽኑን ከማስነሣታቸው በፊት ግን ራሳቸው ወርደው የጎን በሩን ይከፍታሉ፤ ትልቅ ድንጋይ ይደግፉበታል፤ ትኬት ቆራጩን ፊት ለፊት አይተው ይመለሳሉ። ያለዚህ ፊልም አይጀመርም። ተመልካች ቢያፏጭ፣ ባለቤቱ ቢቆጣ ወይ ፍንክች! ትኬት ቆራጩ እያደገ ሥራ አስኪያጅ ሆነ፤ ቀጥሎም የራሱን የቤት ዕቃ መደብር ከፈተ፤ የሰፈር ኮሚቴ ሊቀመንበርም ሆነ። ከሲኒማ ቤቱ ከወጣ በኋላ ኦፕሬተሩ ወደ ሥራ ሲሄዱ በመደብሩ በኩል ማለፍ ጀመሩ። ሰላም አይሉትም። ቆመው ያዩትና ይሄዳሉ። ትኬት ቆራጩ በዚህ የተነሣ መጋረጃ አስሰቀለ፤ ኦፕሬተሩ መጋረጃውን ቆመው ያዩ ጀመር።

ከባለቤታቸው ጋር የተዋወቁት በዚሁ በር ሰበብ ነው። ባለቤታቸው የላይኛው ሰፈር ልጅ፣ ያን ጊዜም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበሩ። አንድ ቀን ፊልሙ ስለዘገየ መሰላሉን ወጥተው «ሰዓት አታውቁም?» ብለው ተቆጧቸው። ኦፕሬተሩ በትሕትና «እመቤቴ፣ ፊልሙ ሁሌ አለ፤ እርስዎ በሕይወት ካልወጡ ግን ማን ያየዋል?» አሉ። በማግስቱ ባለቤታቸው ነገሩን ጠይቀው ሰሙ። በሦስተኛው ዓመት ተጋቡ። ከላይኛው ሰፈር በሠርጉ የተገኙት የሙሽሪት እናትና አባት ብቻ ነበሩ። አንዲት ሴት ልጅና አንድ ወንድ ልጅ ወልደው፣ ሴቷን ለነርስነት፣ ወንዱን ለኤሌክትሪክ ሠራተኛነት አበቁ። ልጃቸው ሙያውን የመረጠው «የኤሌክትሪክ አደጋ ምን እንደሚመስል ላጥና» ብሎ ነው።

ፀጉራቸው ከሸበተ በኋላ መንግሥት ተለወጠና የእውነት አፈላላጊ ኮሚሽን ተቋቋመ። ሕጉ እንዲህ ይል ነበር፦ ያደረገውን ሁሉ ሳይደብቅ በአደባባይ የተናገረ አይከሰስም፤ የደበቀና የተደረሰበት ግን ፍርድ ቤት ይቀርባል። ኦፕሬተሩ ይህን ሲሰሙ ደስ አላላቸውም። «ገድሎ፣ ተናግሮ፣ ወደ ቤቱ?» አሉ። ለባለቤታቸው ግን ተስፋቸውን ነገሯቸው። ትኬት ቆራጩ ውሸታም ነውና ይዋሻል፤ ሲዋሽም ይያዛል፤ ኦፕሬተሩም ሲታሰር ያያሉ። የኮሚሽኑን መምጣት የጠበቁት ለዚህ ነው። ሌላ መልክ ሰጥቶ መጻፍ በእርሳቸው ላይ መዋሸት ይሆናል።

በከተማው ሰፊው አዳራሽ ያው ሲኒማ ቤቱ ስለነበር ጉባኤው እዚያ ሆነ። መብራቱንና ድምፁን የያዙት ኦፕሬተሩ ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ወንዶች ልጆቿን ያጣች የታችኛው ሰፈር እናት መድረክ ወጣች። ደወል ተደወለ፤ ኦፕሬተሩም በእጅ ልማድ የአዳራሹን መብራት አጠፉ። እናትየዋ ብቻዋን ብርሃን ውስጥ ቀረች። አፏ ደርቆ ቃል ሲያጥራት፣ ከፎቅ ጨለማ ውስጥ አንድ ሰው «ድምፅ ጨምር!» ብሎ ጮኸ። ሳቅ ተከተለ።

ኦፕሬተሩ የአዳራሹን መብራት በሙሉ ለቀቁ። በማሽኑ ክፍል ማይክሮፎንም «እኔ ኦፕሬተሩ ነኝ። በደንብ አልሰማሁም። የተናገረው ሰው ተነሥቶ ይድገምልኝ» አሉ። የተነሣ አልነበረም። ነገር ግን በሦስተኛው ረድፍ የነበሩ ሁሉ አንድ ሰው ላይ አፈጠጡ፤ ሰውየውም ፊቱን በጋዜጣ ሸፈነ። ሰብሳቢዋ፣ ጡረታ የወጡ ዳኛ፣ «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ጉባኤ መብራት አይጠፋም። የሚናገረውም የሚሰማውም ይታይ» ብለው አዘዙ።

ያ ትእዛዝ ከሕጉ ሁሉ የበለጠ ሠራ። መጀመሪያ ሰዉ ኮፍያና ጥቁር መነጽር አድርጎ መጣ፤ መነጽር ሻጩ በዚያ ሳምንት እንዳተረፈ በሕይወቱ አላተረፈም። ሰብሳቢዋ ኮፍያም መነጽርም አስወለቁ። ጎረቤት ጎረቤቱን እያየ ለዓመታት የያዘውን ዝምታ ማቆየት ከበደው። በመጨረሻ አንዲት የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ተነሥታ «እኔ ያን ቀን ፎቅ ነበርኩ። ትኬት ቆራጩ መጥቶ ‹ቶሎ ውጡ፣ አትጠይቁ› አለን። አልጠየቅኩም» አለች። ቀጥሎ ሌላው ተነሣ፤ ሌላውም። የኦፕሬተሩ አማትም በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ። «ለሚስቴ ጥርሴን አሞኝ ወጣሁ ብያት ነበር። ጥርሴ ደህና ነበር» አሉ። ባለቤታቸው የአባታቸውን ነገር የሰሙት ከሰው ሁሉ ጋር፣ በዚያ አዳራሽ ነው። ኦፕሬተሩ ከዚያ በኋላ አማታቸውን ሐኪም ቤት እየወሰዱ አሳክመዋል፤ ሲሞቱም አስቀብረዋል። ከእርሳቸው ጋር ግን ዳግም በአንድ ገበታ አልቀረቡም።

የትኬት ቆራጩ ስም ከየአፉ መውጣት ሲጀምር ሽማግሌዎች ወደ ኦፕሬተሩ ቤት ተላኩ። «ጓዳ ውስጥ ሁሉን ይነግርሃል፤ እግርህ ላይ ይወድቃል፤ ታርቃችሁ እዚያው ይለቅ። ልጆች አሉት፤ ስሙ አይጥፋ» አሉ። ኦፕሬተሩ ውኃ አቀረቡላቸውና «በሩን የዘጋው በአደባባይ፤ የሚከፍተው በጓዳ ነው እንዴ? ንገሩት፣ አይምጣብኝ። ዝም ይበል። ዝም ካለልኝ ጭራሽ ባለውለታዬ ነው» ብለው ሸኙ። ትኬት ቆራጩ ምን ማለታቸው እንደሆነ ገባው። ኮሚሽኑ ለመናገር የሰጠው ቀነ ገደብ ሊያልቅ ሲል መድረክ ወጣ።

ኮቱን ቆልፎ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ ወደ ኮሌታው ማንሾካሾክ ጀመረ። ጸሐፊው ተጠግቶ ይጽፍ ነበር፤ አዳራሹ ግን ምንም አይሰማም። እንዲህ እንደተንሾካሾከ ቢጨርስ ሕጉ እንደተናገረ ይቆጥርለታል። ኦፕሬተሩ ድምፁን ጨመሩ። ለፊልም ማስታወቂያ ጣሪያው ላይ የተሰቀሉትን ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎችም አገናኙ። ትኬት ቆራጩ የገዛ ትንፋሹ ከገበያው ማዶ ተመልሶ ሲመጣበት ደነገጠ። ገበያተኛው ዕቃውን ትቶ ቆመ። የመደብሩ ደንበኞች፣ ልጆቹ፣ ምራቶቹ፣ ሁሉም ሰሙት። ፎቁን እንዳስለቀቀ፣ መቀርቀሪያውን እንደጣለ፣ ከማን ጋር እንደዶለተ ተናገረ። በመጨረሻም «ጨርሻለሁ» አለ።

ሕጉ ለተበዳይ የመጠየቅ መብት ይሰጥ ነበርና ኦፕሬተሩ መሰላላቸውን ወርደው መድረክ ወጡ። ከተቃጠለው አዳራሽ ውስጥ እህታቸውን ያወጧት በገዛ እጃቸው ነው፤ ከበሩ ጋር እንደተጣበቀች ያውቃሉ።

«እህቴን ታውቃታለህ?»

«አውቃታለሁ። ያለ ትኬት አስገባት ነበር።»

«መቀርቀሪያውን ስትጥል በሩ ጋ ነበረች። ምን አለችህ?»

ሰብሳቢዋ «ያልተናገሩት ነገር ካለ አልተናገሩም ማለት ነው» ብለው አሳሰቡት።

«‹ጋሼ፣ እኔ ነኝ› አለችኝ። ‹እኔ ነኝ፣ ክፈትልኝ› አለች። በስሕተት የዘጋሁ መስሏት ነው።»

«አንተስ ምን አልካት?»

«ምንም አላልኳት።»

ይህም በገበያው ላይ ተሰማ። ኦፕሬተሩ ወርደው በቀጥታ ወደ እናታቸው መቃብር ሄዱ። እዚያ ያሉትን ለማንም አልነገሩም፤ ባለቤታቸውም አልጠየቁም።

ትኬት ቆራጩ በሕጉ መሠረት ነጻ ወጣ። ኦፕሬተሩ ይቅር እንዳሉት በአንዳንድ ጋዜጦች ተጽፎ ነበር። አላሉትም። ሰብሳቢዋ ምን ዓይነት ካሳ እንደሚፈልጉ ሲጠይቋቸው «ፍርግርጉን ራሱ ቆርጦ ያንሣው፤ በእጁ፣ ሰው እያየ» አሉ፤ ተፈቀደም። ትኬት ቆራጩ በሽምግልናው የብረት መጋዝ ይዞ ለቀናት ቆረጠ። ኦፕሬተሩ ወንበር አስመጥተው ከፊቱ ተቀመጡ። «ቀስ በል፣ መጋዙ ይሰበርብሃል፤ ለእኛ እንደሆነ ጊዜ ሞልቶናል» ይሉት ነበር። ምሳ ሲመጣላቸው እዚያው፣ እርሱ እያየ፣ ብቻቸውን በሉ። ሰው «ጨከንክ» ቢላቸው «ገና መች ጀመርኩ» አሉ። የመጨረሻው ብረት ሲወድቅ ሁለቱ ሰፈሮች የሚተያዩበት አንድ አዳራሽ ሆነ። በትምህርት ቤቶች መጽሐፍ ውስጥ «የኤሌክትሪክ አደጋ» የሚለው ተሰርዞ የሆነው ገባ። ከላይኛው ሰፈር የመጡ ወጣቶች ከታችኛው ሰፈር ጋር ሆነው የሟቾቹን ስም በግድግዳው ቀረጹ። ኦፕሬተሩ ይህን አይተው «ጥሩ ነው» አሉ። ከዚህ የበለጠ ሲያሞግሱት አልተሰሙም፤ ከዚህ ያነሰም አላሉም።

ጡረታ ከወጡ በኋላ የልጅ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት በማድረስ፣ ሬዲዮ በመጠገንና ከባለቤታቸው ጋር ጋዜጣ እያነበቡ በመከራከር ኖሩ። ቀልደኛ ነበሩ። ጨዋታ ሲያምርላቸው ባለቤታቸውን «እመቤቴ፣ ሰዓት አታውቂም?» እያሉ ያበሽቁ ነበር። ያን ቀን የገባባቸው ጭስ ግን ከሳንባቸው አልወጣም። ባለፈው ዓመት ሕመሙ ጠንቶባቸው በሐኪም ቤትና በቤታቸው ሲታከሙ ቆይተው፣ ባለፈው ሐሙስ ማለዳ፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ፣ በሰባ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። ባዶ እጃቸውን አልሄዱም።

ይህ ጽሑፍ ለኅትመት ሳይገባ የትኬት ቆራጩ ልጆች የአበባ ጉንጉን ይዘው ወደ ልቅሶው ቤት መጥተው ነበር። «አባታችን አርጅቷል፤ ለሟቹም ሰላም ሲባል ያ ነገር ይዘለል» ብለው በጨዋ ደንብ ለመኑ። ባለቤታቸው አበባውን ተቀብለዋል። ልጆቹ የሠሩት በደል የለምና መቀመጫም ሰጥተዋቸዋል። ጽሑፉ ግን እንደተጻፈ ይነበባል። ትኬት ቆራጩም ከቀብሩ እንዳይቀር ተነግሮታል፤ ከፊት ወንበር ተይዞለታል።

ኦፕሬተሩ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ የታችኛውን ሰፈር በሙሉ፣ እንዲሁም ከላይኛው ሰፈር እውነቱን የተናገሩትን ትተው ሄደዋል።

ነፍሳቸውን ፈጣሪ ከአባታቸው፣ ከእናታቸውና ከትንሿ እህታቸው ጋር ያኑርልን፤ በዚያም የሚዘጋ በር አይግጠማቸው። ለትኬት ቆራጩ ደግሞ ባለቤታቸው ከልብ የሚመኙለት አለ፤ ሞትን አያቸኩልበት፤ ጤናና እጅግ ረጅም ዕድሜ ይስጠው። ዐይኑም ጉልበቱም ይድከም። ጆሮው ግን እስከ መጨረሻይቱ ሰዓት ይስማለት።